የጉማሬው ክፍል

ጉማሬ ቤታችን ሊገባ መሆኑን የሰማሁት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ነው። የእናቴን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ፣ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። ጫማውን መንካት የተከለከለ ስለነበር ትንፋሼን ውጫለሁ።

"በዚህ በር ጉማሬው አያልፍም" አለ አባቴ። ሜትሩን መቃኑ ላይ ዘርግቶ ይለካል።

"አዲሱ በር ሰፊ ይሁና" አለች እናቴ። "ደረጃ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳላይ። በምን እግሩ ይወጣዋል?"

"ውሃውም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይገባል።"

"ያለ ውሃማ ምን ሕይወት አለው! ጧት ጧት ካልተዘፈዘፈ መች ይሆንለታል።"

"እምቢ ቢልስ?"

"ክፍሉ ይለቅ ብቻ። ካለቀ በኋላ እምቢ ቢልም መኪና ላይ ጭነን እናመጣዋለን።"

ይኼኔ ከጫማው ላይ ወደቅሁ። መጋረጃው ከነዘንጉ ተከተለኝ። አባቴ ከጨርቁ ውስጥ ፈልቅቆ አወጣኝና "ምን ሰማሽ?" አለኝ።

"ምንም" አልሁ። ቀጥዬም "ይነክሳል?" ብዬ ጠየቅሁ።

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ አባቴን አየች።

"አንዳንዴ" አለ አባቴ።

ጉማሬው የእናቴ አባት፣ አያቴ ፍሬ ስብሐት ነበሩ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚመላለስ ጀልባ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ እንፍራንዝ ተመለሱ። ወደቡ ላይ የነበሩ ሠራተኞች "ካፒቴን ጉማሬ" ይሏቸው ነበር፤ ጧት ጧት ጀልባውን ከማስነሣታቸው በፊት እስከ አፍንጫቸው ሐይቁ ውስጥ ገብተው፣ እፍፍ እያሉ ውሃውን እየነፉ ስለሚታጠቡ ነው። ስሙ በፊታቸው ተነሥቶ አያውቅም። እናቴም ቢሆን እሳቸው ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም ብላ ታምን ነበር።

በዚያ ዓመት አያቴ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ቢጠገንም እግራቸው እንደ ድሮው አልታዘዝ አላቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር መዋል ጀመሩ። እናቴ ልታመጣቸው ደጋግማ ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች። "የልጄ ሳሎን ውስጥ እንደ ሶፋ አልቀመጥም" ነበር መልሳቸው። እውነት ለመናገር ቦታም አልነበረንም። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነበር፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ከግቢው ማዶ ጥግ፣ ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላ ተይዞ የሚኬድበት። አያቴ ደግሞ በአማቻቸው ጀርባ ታዝለው ሽንት ቤት ከሚሄዱ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ወላጆቼ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ከነመታጠቢያው ቀጥለው፣ ለአያቴ ሳይነግሩ ሊጨርሱት ተማከሩ። እኔ ወሬ አልቋጥርም። እሁድ እሁድ አያቴ ሲደውሉ ስልኩን ተሽቀዳድሜ የማነሣው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ በምሰማበት ሁሉ "ጉማሬው" እንጂ "አባባ" ላለማለት ተስማሙ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉማሬ ይመጣል።

መጀመሪያ አሸዋ መጣ። መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሲገለብጠው የአሸዋው ክምር እስከ ቆርቆሮው ክፈፍ ደረሰና ጎረቤቴ መሲና እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስንንሸራተትበት ከረምን። ከዚያ ብሎኬት መጣ። ከዚያ ግንበኛው ይትባረክ መጣ። ይትባረክ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ፣ ሲናደድ ፉጨቱን የሚያቆም ሰው ነበር። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነውና ከሥራ ሲመለስ ግንቡን ዞሮ ዞሮ ያይና አንድ ነገር ይቀይራል። በነጋታው ያንኑ መልሶ ይቀይራል። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት የተባለው ወደ ውጪ ሆነ፣ ወደ ውጪ የተባለው ተመልሶ ወደ ውስጥ ሆነ። አባቴ በመጣ ቁጥር ፉጨቱ ይቆማል።

የሳሎናችን የኋላ ግድግዳ የተፈረሰ ቀን አፈሩ ወጡ ውስጥ ገባ። ጭቃው ሲናድ ከውስጡ ጭድ፣ የአይጥ ጎጆና የእናቴ የጠፋ ማበጠሪያ ወጣ። እናቴ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነበር የምትሠራው፤ ተኳኩላ ትወጣለች፣ ማታ ስትገባ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር አሸዋ መንፋት ትጀምራለች። ፊቷ ሲሚንቶ መስሎ ነበር። እንቅልፍ እንደራቃት፣ እንፍራንዝ ያሉ ጎረቤቶች በደወሉ ቁጥር እንደምትደነግጥ አላውቅም ነበር። ጉማሬውን ስለፈራች ይመስለኝ ነበር።

ማስረጃው ደግሞ በየቀኑ ይበዛል። በሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ሆነ። በደረጃው ፋንታ ሲሚንቶ እንደ ዳገት ተለሰነ። "ሻካራ ይሁን፣ እንዳያንሸራትተው" አለች እናቴ። መታጠቢያው ገንዳ የለውም፤ ወለሉ ራሱ ተዳፋት ሆኖ ውሃው ወደ ጥግ ይወርዳል። አባቴ ግድግዳው ላይ ወፋፍራም ብረቶች አግድም ሲገጥም ሳይ ግን ክው አልሁ። ሊያስሩት ነው!

"አይታሰርም" አለች መሲ፣ የአሸዋው ክምር ላይ ተቀምጠን። "ጉማሬ ገመድ ይበጥሳል። አጎቴ አይቷል። ሳር ነው የሚበላው። ሳር ካጣ ጎመን።"

ይህ ወሬ አጥር ዘሎ ጎመን ወዳለበት ግቢ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። እትዬ እናትዓለም ጎረቤታችን ናቸው፤ ጓሯቸው ከአዲሱ ክፍል ጋር በአጥር ነው የሚለየው። ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ ያናግሩታል። እናቴ ከሥራ ስትገባ በራችን ላይ ቆመው ጠበቋት።

"የሺመቤት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና... ልጅሽ ጉማሬ ልናስገባ ነው ትላለች። እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ብረቱን አየሁት።"

እናቴ ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባችና በሹክሹክታ አወሩ። እትዬ እናትዓለም ሲወጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔን ሲያዩ ጭንቅላቴን ዳብሰው "አይዞሽ፣ ጥሩ ጉማሬ ነው አሉ" ብለውኝ ሄዱ።

ያን ቀን እናቴ ለአባቴ "ጉማሬ መስሏታል እኮ" ስትለው፣ እሱም "ተያት፤ እንዲያውም ይሻላል። አባባን ብታገኛቸው ምን ትነግራቸዋለች?" ብሎ እንደመለሰላት እናቴ ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ።

ምን እንደምነግራቸውማ እነሆ።

እሁድ ነው። አባቴና እናቴ ከይትባረክ ጋር ጓሮ ቆመው ስለ ቧንቧ ይከራከራሉ። የእናቴ ስልክ ሲጠራ ሮጬ አነሣሁት፤ አያቴ ናቸው። አያቴ ስልክ ላይ ሲያወሩ ጎርጎራ ያለ ሰው እንዲሰማቸው አድርገው ነው።

"ማን ልበል?"

"ሲና ነኝ፣ አባባ።"

"ሲናዬ! እናትሽስ?"

"ግንበኛው ጋ ናት።"

"የምን ግንበኛ?"

እናቴ ስለ ቤቱ ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። ስለዚህ ቶሎ ብዬ "ቤት እየሠራን አይደለም" አልሁ።

"አይደለም?"

"አይደለም። የጉማሬ ነው።"

ስልኩ ውስጥ ንፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ሰው በአፍንጫው ሲያናፍስ የመሰለ። "የጉማሬ..." አሉ አያቴ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "ጉማሬው ምን ይመስላል?"

"አላየሁትም። ትልቅ ነው። ግን አባዬ እግሩ አይታዘዘውም ይላል።"

አሁን ደግሞ ንፋሱም ጠፋ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን መታ መታ አደረግሁት።

"አለሁ፣ አለሁ" አሉ። "ታዲያ እግሩ ካልታዘዘው እንዴት ብሎ ይገባል?"

"ደረጃ የለውማ! በሩ በጣም ሰፊ ነው። ሽንት ቤቱም እዚያው ውስጥ ነው።"

"እዚያው ውስጥ?"

"እዚያው። በር አለው። የሚይዘው ብረትም አለ። አባባ፣ ጉማሬ ግን በምኑ ነው ብረት የሚይዘው?"

"በአፉ ይሆናላ።"

ይህ ጥሩ መልስ መሰለኝ። ስለዚህ የቀረውንም ነገርኋቸው፦ እምቢ ቢል መኪና ላይ እንደሚጭኑት፣ እትዬ እናትዓለም ለጎመናቸው እንደፈሩ።

"እናትሽ ጉማሬውን ትወደዋለች?" ብለው ጠየቁኝ።

አሰብሁ። "ታለቅሳለች" አልሁ።

"ለምን?"

"ብቻውን ይሞታል ትላለች።"

አያቴ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ሲጨርሱ ድምፃቸው እንደገና የካፒቴን ሆነ። "መስኮት አለው?"

"ላይ፣ ትንሽዬ።"

"ወዴት ያሳያል?"

"ወደ ጎመኑ።"

"ስሚኝ ሲናዬ። ጉማሬ ጎመን እያየ አይኖርም። ሐይቅ ካላየ አይሆንለትም። በሐይቁ በኩል መስኮት ይውጣለት። ዝቅ ያለ ይሁን፣ ተቀምጦ የሚያይበት።"

"ጉማሬ ይቀመጣል?"

"ሲያረጅ ይቀመጣል" አሉ። "ለእናትሽ አትንገሪ። ለግንበኛው ብቻ።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ይትባረክ ጋ ሄድሁ። መጨረሻ የቀረውን፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ጀምሮ ግንቡ አገጬ ድረስ ደርሷል።

"ጋሼ ይትባረክ፣ እዚህ ጋ መስኮት ይሁን ተብሏል። ተቀምጦ የሚያይበት።"

"ማን ነው ያለው?"

"ትልቅ ሰው።"

ይትባረክ ፉጨቱን አቆመ። በእርሳሱ ጆሮውን አከከ። ከዚያ አንድ ብሎኬት ጎትቶ ተቀመጠበትና ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። እኔንም በባልዲ ላይ አስቀመጠኝ። "ምን ይታይሻል?" አለኝ። ብሎኬት አልሁት። "ለኔም" አለ። ተነሣ፣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበርና ከላይ ያሉትን መደዳዎች ማንሣት ጀመረ። ብሎኬቶቹ ሲነሡ በሁለት ማንጎ ዛፎች መካከል ሐይቁ ብቅ አለ። አንዲት ጀልባ እያለፈች ነበር። ይትባረክ ማፏጨቱን ቀጠለ።

አባቴ ሲመጣ ግድግዳው ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ መሃሉ ክፍት ሆኖ ቆየው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መስኮት።"

"መስኮቱ በዚያ በኩል አይደለም እንዴ?"

"ያኛው የአየር ነው። ይኼ የዓይን ነው" አለ ይትባረክ።

"ማን አዘዘህ?"

"ልጅህ።"

"ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው!"

"ቢሆንም ትእዛዟ ቁርጥ ያለ ነው። ጧት ያለችውን ማታ አትቀይርም።"

አባቴ በጥያቄ አጣደፈው። ቁም ሳጥኑ የት ሊቆም ነው? ብርዱስ? ነገ ይዘጋ! ይትባረክ ደግሞ "እኔ የምሠራው አንዴ ነው" አለ። ጩኸቱ ሲበረታ እናቴ ከሥራ ገባች። ማንንም ሳትሰማ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ ቦታ አየች። ብዙ ካየች በኋላ ወደኔ ዞረች።

"ሲና፣ ዝቅ ይበል ያለሽ ማን ነው?"

ለእናትሽ አትንገሪ ተብያለሁ። ግን ጠየቀችኝ እንጂ እኔ አልነገርኋትም። "አባባ" አልሁ።

"የትኛው አባባ?"

"የእንፍራንዙ። ጉማሬ ሲያረጅ ተቀምጦ ነው የሚያየው ብለዋል።"

የእጅ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"አልነገርሁም!" ብዬ ጮህሁ። "ቤት እየሠራን አይደለም ነው ያልኋቸው!"

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እናቴም መጀመሪያ እየሳቀች ነበር። ቀጥሎ ግን እየሳቀች አልነበረም። "ሌላስ ምን አሉ?" አለችኝ፣ እጇን ከፊቷ ሳታነሣ።

"እናትሽ ጉማሬውን ትወደዋለች ወይ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ታለቅሳለች አልሁ።"

አባቴ ሳቁን ዋጠ። ቦርሳዋን ከሲሚንቶው ላይ አነሣና በእጁ ጠራረገላት። ከዚያ ወደ ይትባረክ ዞሮ "መስታወቱ አንድ ወጥ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ብረት አይግባበት" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር አልቀየረም።

እናቴ ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወለች። ስለ ክፍሉ አንድ ቃል አላነሣችም። አያቴም አላነሡም። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው።

"ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ ደህና ነው ይላሉ!"

"ነው እንዴ፣ አባባ?"

"ነው። ሊጭነኝ የሚፈልግ ሰው ካለ አሁን ነው።"

ጉማሬው የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ፤ ደረሰም። ቀለሙ ገና ይሸታል። አባቴ የኮንትራት ሚኒባስ ይዞ እንፍራንዝ ሄዷል። እኔና መሲ ከሐይቁ ዳር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሳር አጨድን። እትዬ እናትዓለም ደግሞ አንድ እቅፍ ጎመን ቀጥፈው ሰጡኝና "ይህን በልቶ ጓሮዬን ይተውልኝ" አሉ። በራችን ላይ ጎመኑን ታቅፌ ቆምሁ። የሰፈሩ ግማሽ ወጥቷል። ሚኒባሱ መጣ።

የሚኒባሱ በር ተከፈተና አባቴ ወረደ። ከዚያ ወንበሩን አወረደ። ከዚያ አያቴን ታቅፎ አወረደና ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከወትሮው አንሰው ታዩኝ። ሳምኋቸው። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ አየሁ። ከኋላው ዞሬ አየሁ። ከሥሩም አየሁ።

"ጉማሬውስ?" አልሁ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እስከዚያች ደቂቃ አያቴ መስኮቱን ያዘዙት የልጅ ጨዋታ ላይ ገብተው ነው እንጂ የራሳቸው ቅጽል ስም መሆኑን አያውቁም ብላ ነበር። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ።

አያቴ እጃቸውን ዘረጉ። ከእቅፌ አንድ ትልቅ የጎመን ቅጠል መዘዙ፣ አጠፉት፣ አፋቸው ውስጥ ከተው ማላመጥ ጀመሩ። ሰፈሩ ሁሉ እያየ አላምጠው ጨረሱ።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "ሠላሳ ዓመት ከኋላዬ ሲሉኝ የማልሰማ መስሎሻል? ጀልባ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።"

"አባባ... እምቢ ይሉኛል ብዬ እኮ ነው ያልነገርሁዎ።"

"እምቢ እልሽ ነበር" አሉ። "በይ ግፊኝ።"

ሳቁ ሰፈሩን ሞላው። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። እኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ ጉማሬው በመንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ ቀርቷል፣ አያቴም ክፍሉን ቀምተውታል። ለወራት በዚህ ቂም ይዤባቸው ቆየሁ። ሐይቁን እያዩ ሲቀመጡ አጠገባቸው ሄጄ "ይኼ እኮ የርስዎ አይደለም" እላቸው ነበር። "አውቃለሁ" ይሉኛል። "ሲመጣ እለቅለታለሁ።"

ያን ቀን ምሳ ከመቅረቡ በፊት እናቴ ክፍሉን አስጎበኘቻቸው። ብረቶቹን በእጃቸው ጨብጠው ነቀነቁ። የመታጠቢያውን ውሃ ከፍተው ዘጉ። የሽንት ቤቱን በር ራሳቸው ገፍተው ገቡ፣ ከውስጥ ቀረቀሩት፣ ትንሽ ቆይተው ማንም ሳይረዳቸው ወጡ። እናቴ ይህን ሲያደርጉ ካየች በኋላ አዲሱ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ደግሞ አንሶላው..." ብላ አንድ ነገር ልታስረዳ ጀመረች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከነጫማዋ ጎኗን ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባቴ ሊቀሰቅሳት ሲጠጋ አያቴ እጁን ያዙት።

"ተዋት።"

"ምሳው ቀረበ እኮ፣ አባባ። እርስዎም መንገድ ደክሞዎታል፣ ጋደም ማለት አለብዎ።"

"የት ልጋደም? አልጋዬ ተይዟል" አሉ አያቴ በሹክሹክታ። ሹክሹክታቸው እትዬ እናትዓለም ጓሮ ድረስ የሚሰማ ነበርና እናቴ በእንቅልፏ ውስጥ ተገላበጠች። አያቴ ደንግጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ምሳውን እዚያው ክፍል አመጣነው። አያቴ፣ አባቴና እኔ በትሪው ዙሪያ ሆነን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ በምልክት እየተጎራረስን በላን። እናቴ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች።